ኤክስተርናሉ ላይ ያለው የሙዚቃ ላይብረሪ ተንፏቀቀብኝ፤ እሁድ ሠርግ አለብኝ

የሠርግ_ድምፅ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ነኝ። ሥራዬ ሳውንድ ማከራየትና ሠርግ ላይ ሙዚቃ ማጫወት ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ጾሙ ድረስ እዚህ ከተማ ሠርግ እንዴት እንደሚደራረብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እንቅልፍ የለም።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም አለው፣ ዊንዶውስ 10፣ ውስጡ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ)። ዘፈኖቹ በሙሉ ግን ያሉት 2 ቴራ ኤክስተርናል ላይ ነው፣ በኬብል ከውጭ የሚሰካው ዲስክ። 41 ሺህ ፋይል፣ 700 ጊጋ ገደማ። የምጠቀመው ሙዚክቢ የሚባለውን የዘፈን ማጫወቻ ፕሮግራም ነው። ድሮ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይከፈት ነበር። አሁን 11 ደቂቃ። በሰዓት ይዤዋለሁ። ዘፈን ልፈልግ ሁለት ፊደል ስጽፍ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይደርቃል።

ከሁሉም የባሰው ባለፈው እሁድ አዘዞ ላይ የሆነው ነው። ሽማግሌዎቹ መርቀው ጨረሱ። ሙሽሮቹ ሊነሱ ነው። መድረክ መሪው በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ተጫንኩ። ጸጥ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስምንት ሰከንድ! አንዲት እናት ከኋላ እልልታውን ባያቀልጡት ኖሮ በድንኳኑ ሥር ሾልኬ ወጥቼ ነበር።

ፕሮግራሙን ሁለቴ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው። እሁድ ደግሞ ሌላ ሠርግ አለ። መላ በሉኝ።

ችኩሉ | ማታ 3፡31

ፎርማት አድርገው። ራሙንም 16 አድርገው። አለቀ።

የማራኪው | ማታ 3፡52

ችኩሉ ራሱን ቢያመው ጭንቅላቱን ፎርማት የሚያደርግ ሰው ነው። ለጊዜው እለፈው።

ወንድሜ፣ አንድ ችግር ብለህ ሦስት ነገር ነው የነገርከን። አከፋፈቱ 11 ደቂቃ መፍጀቱ፣ ፍለጋው መድረቁ፣ ሠርጉ ላይ ጸጥ ማለቱ። የሦስቱም መነሻ አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ምንም ሳትነካ ሁለት ነገር አይተህ ንገረን።

መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን ክፈትና ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ኤክስተርናሉን ምረጥ። ሙዚክቢ እየተከፈተ ሳለ ስንት ፐርሰንት ላይ ነው? የማንበብ ፍጥነቱስ? ቀጥሎ 200 ዘፈን ብቻ ወደ ላፕቶፑ ኮፒ አድርግና ለእነሱ ብቻ አዲስ ላይብረሪ ክፈትላቸው። እሱ ከፈጠነ ፕሮግራሙንም ራሙንም አትጠርጥር።

የሠርግ_ድምፅ | ማታ 4፡25

200ዎቹ በሦስት ሰከንድ ተከፈቱ!

ኤክስተርናሉ ግን 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ፍጥነቱ 0.7 ሜጋባይት በሰከንድ ይላል። መቶ በመቶ እየሠራ እንዴት እንዲህ ያዘግማል?

የማራኪው | ማታ 4፡48

ፐርሰንቱ ዲስኩ ምን ያህል ጊዜ እንደተያዘ ነው የሚነግርህ። ቅዳሜ ገበያ ሄደህ በርበሬውን ከአንዱ ጥግ፣ ሽንኩርቱን ከሌላው ጥግ፣ ጨውን ደግሞ መጀመሪያ ካለፍክበት ቦታ ተመልሰህ ብትገዛ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነህ። ዘንቢልህ ግን ሩቡም አልሞላም።

ኤክስተርናልህ የሚሽከረከር ዲስክ ነው። አንድ ፋይል ባነበበ ቁጥር የማንበቢያ ጭንቅላቱ ቦታው ድረስ መሄድ አለበት። በዚህ ዓይነት ዲስክ አንዱ ጉዞ 15 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል በል። በ41 ሺህ አባዛው። 615 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። ያንተ 11 ደቂቃ እዚችው አካባቢ ናት። ፕሮግራምህ ሲከፈት እያንዳንዱን ፋይል እየዞረ እያንኳኳ ነው ማለት ነው።

ፍለጋው የሚደርቅብህም በዚሁ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ ከጀርባ ዞሮ ሳይጨርስ አንተ ሌላ ነገር ታዘዋለህ፤ ጭንቅላቱ ያለው አንድ ነው።

ሽቦ | ማታ 5፡05

ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ሒሳቡ ገብቶኛል፣ ግን እኔ ሁሌ የምጀምረው ከኬብል ነው። የኤክስተርናሉ ኬብል በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ ሰፊ ነው ወይስ እንደ ስልክ ቻርጀር ጠባብ?

የሠርግ_ድምፅ | ማታ 5፡11

የራሱ ኬብል ቸጨላ አንድ ሠርግ ላይ ጠፋ። አሁን የምጠቀመው የድሮ ሳምሰንግ ስልክ ቻርጀር ኬብል ነው። ገጠመልኝ፣ ይሠራል።

ሽቦ | ማታ 5፡19

ጠረጠርኩ! እንዲህ ነው። የኤክስተርናሉ ቀዳዳ ሁለት ቤት ያለው ሰፊ ነው አይደል? አንደኛው ቤት ከድሮው ስልክ ኬብል ጋር ልክ ይገጥማል። ይሠራልም። ግን የሚሠራው በዩኤስቢ 2 ነው። ሁለተኛው ቤት ባዶውን ነው የቆመው፤ ፈጣኖቹ ሽቦዎች ያሉት እሱ ላይ ነው። ዩኤስቢ 2 በወረቀት 480 ሜጋቢት ይባላል፤ በእጅህ የሚገባው በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። በዚያ ላይ አንዳንዱ የቻርጀር ኬብል ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ለዲስኩ በቂ ኃይል አያደርስም።

ነገ ፒያሳ ወርደህ ሰፊ ጫፍ ያለውን ግዛ። አጭሩን። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ውስጡ ሰማያዊ የሆነውን ቀዳዳ ፈልግና እሱ ላይ ሰካው። አንዳንድ ላፕቶፕ ሰማያዊ አይቀባም፤ እንዲያ ከሆነ ከቀዳዳው አጠገብ "ኤስኤስ" የሚል ምልክት እይ።

ዘሳሙናበር | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡40

ዲፌንደርን፣ የዊንዶውስን ፀረ-ቫይረስ፣ አጥፋው። እያንዳንዱን ፋይል ሲፈትሽ ነው የሚያዘገየው። እኔ ካጠፋሁት ሁለት ዓመቴ ነው።

ሽቦ | ጠዋት 3፡02

ሁለት ዓመት? እንግዲህ ያንተን ፍላሽ ማንም እንዳይሰካ።

የሠርግ ሰው እኮ ነው። ካሜራማኑ ፍላሽ ይሰጠዋል፣ የሙሽራው ሚዜ ፍላሽ ይሰጠዋል፣ አንዱ መጥቶ "ይህችን ዘፈን ብቻ" ይለዋል። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። አታጥፋው። በጣም ካስቸገረህ የዘፈን ፎልደሩን ብቻ ከፍተሻ ታወጣለህ። እሱንም ሌላው ሁሉ ካልሠራ በኋላ።

የሠርግ_ድምፅ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡15

ኬብሉን ገዛሁ። አንድ 300 ሜጋ ፋይል ኮፒ ሳደርግ በፊት 9 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፣ አሁን 3። ደስ አለኝ። ሙዚክቢን ከፈትኩት፤ 10 ደቂቃ ተኩል። ደስታዬ እዚያው ቀረ።

የማራኪው | ከሰዓት 9፡40

አትዘን፣ የሚጠበቅ ነው። ኬብሉ መንገዱን አሰፋልህ። የጭንቅላቱን ጉዞ አላሳጠረም። ለነገ ኮፒ ሥራ ግን ይጠቅምሃል።

አሁን እውነቱን ንገረኝ። የላይብረሪው ፋይል ራሱ፣ ማለትም የዘፈኖቹ ዝርዝር የተጻፈበት፣ የት ነው ያለው? ሲከፈት ፎልደሮቹን እየዞረ አዲስ ዘፈን ይፈልግ የሚለውን ምርጫስ አብርተኸዋል?

የሠርግ_ድምፅ | ከሰዓት 9፡58

ሁለቱንም አድርጌያለሁ። መስከረም ላይ ረዳቴ በእሱ ላፕቶፕም እንዲከፍት ብዬ ላይብረሪውን ኤክስተርናሉ ላይ አዞርኩት። ያኔውኑ ነው አዲስ ዘፈን በራሱ እንዲያገኝ ያበራሁት። ኧረ አሁን ሳስበው መንቀራፈፍ የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

የማራኪው | ከሰዓት 10፡10

በል መልሰው። የላይብረሪው ፋይል ኤስኤስዲው ላይ ይሁን፣ ዘፈኖቹ እዚያው ይቆዩ። የመዞሩን ምርጫ አጥፋ። አዲስ ዘፈን ስታስገባ አንተው ራስህ ያንን ፎልደር ብቻ ፈትሽ በለው። አይከብድም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ላይብረሪው ሁሌ የሚጻፍበት ፋይል ነው። በመጻፍ ላይ እያለ ኬብሉ ቢላቀቅ ወይም መብራት ጠፍቶ ባትሪህ ቢሞት ዝርዝሩ ሊበላሽ ይችላል። ኤክስተርናል ደግሞ ሠርግ ላይ ሳይላቀቅ አይውልም፤ ሕፃን ይጎትተዋል።

የሠርግ_ድምፅ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

14 ሰከንድ!!! ፍለጋውም ጽፌ ሳልጨርስ ነው የሚመጣው። የማራኪው፣ ዕድሜ ይስጥህ። ምሳ አለብኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ለመጨረሻ ጊዜ ሁሉንም ፎልደር ፈትሽ ብዬው ነበር። "ካሴት 3" የሚለው ፎልደር ላይ ሲደርስ ቆመ። አራት ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ቀጠለ። ደግሜ ስሞክር እዚያችው ቦታ ላይ ቆመ። ዲስኩም "ጢክ ጢክ" ይላል።

ሽቦ | ማታ 1፡36

ቆይ። ምንም አትንካ። የዲስክ ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም አለ፣ ክሪስታልዲስክኢንፎ ይባላል፣ ነፃ ነው። ክፈተውና ቀለሙንና "ሲ5" የሚለው መስመር ላይ ያለውን ቁጥር ንገረኝ።

የሠርግ_ድምፅ | ማታ 1፡55

ቢጫ ነው። ሲ5 መጨረሻው ላይ 18 ይላል።

ሽቦ | ማታ 2፡03

ፕሮግራሙ ካልቀየርከው በቀር ቁጥሩን በሄክስ ነው የሚያሳየው፣ በአሥር ሳይሆን በ16 የሚቆጠር ማለት ነው። 18 ያለው 24 ነው። ዲስኩ 24 ቦታ ላይ ማንበብ አቅቶት "ቆይ እንያቸው" ብሎ ምልክት አድርጎባቸዋል። አራት ደቂቃ የሚቆመውም ለዚህ ነው፤ እነዚያን ቦታዎች ደጋግሞ እየሞከረ ነው።

ይህ ዲስክ ወድቋል?

የሠርግ_ድምፅ | ማታ 2፡09

እ... ኅዳር ላይ ከባጃጅ ላይ ወድቆ ነበር። በቦርሳ ውስጥ ስለነበር ምንም አልሆነም ብዬ ነው።

ሽቦ | ማታ 2፡21

ይህን ማክሰኞ ብትነግረን ኖሮ!

እሺ፣ አልቆጣም። ከአሁን በኋላ በዚህ ዲስክ አንድም ዘፈን አታጫውት። ኢንተርኔት ላይ "ቼክዲስክ አድርግ" የሚልህ ታገኛለህ፤ አታድርግ። የታመመ ዲስክን ከዳር እስከ ዳር እየፈተሸ ያደክመዋል፣ ያለህንም ሳትይዝ ሊሞትብህ ይችላል። መጀመሪያ ኮፒ።

ኮፒውን እየጎተትክ አታድርግ፤ መሀል ላይ ደርቆ ይቀራል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ሮቦኮፒ የሚባል ትእዛዝ አለ። አንዲት ነገር ግን ልብ በል። ካልነገርከው አንድ ፋይል አልነበብ ሲለው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል። በየሙከራው መሀል 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ልጅህ አድጎ ያያታል። አንዴ ሞክሮ፣ አንድ ሰከንድ ጠብቆ እንዲያልፍ አድርገው። ያለፋቸውንም በጽሑፍ እንዲያስቀምጥልህ። ትእዛዙን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።

ቅደም ተከተሉንም አስብበት። ቢጠፋ ከየትም የማታገኘው የቱ ነው? እሱ ይቅደም።

የሠርግ_ድምፅ | ማታ 2፡34

ካሴቶቹ። አጎቴ ካሴት ቤት ነበረው። ሲያርፍ 600 ካሴት ቀረልን። ሁሉንም ራሴ ነኝ የገለበጥኩት፣ እያንዳንዱ ጎን አንድ ፋይል ነው። 360 ጊጋ ገደማ ይሆናል። ካሴቶቹ ግማሾቹ ሻግተው ተጣሉ። ከሱቁ ሌላ ራሱ የቀዳቸውም አሉበት፤ ማሲንቆ፣ የሠርግ ቤት ግጥም፣ ልቅሶ። የተቀረውን ዘፈን ከሰውም አገኘዋለሁ።

ሽቦ | ማታ 2፡40

እንግዲያው መጀመሪያ ካሴት። አንድ ቴራ ባዶ ዲስክ ተዋስ ወይ ግዛ። ሁሉም 700 ጊጋ በአዲሱ ኬብል ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፣ የታመሙት ቦታዎች ካላጓተቱት። በቻርጀሩ ኬብል ቢሆን አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል መብራት ሳይጠፋ ማለት ደግሞ፣ ያው ታውቀዋለህ።

ቅኝት | ማታ 3፡15

ወንድሜ፣ ሠርጉ ላይ ስላለው ጸጥታ ማንም አልመለሰልህም። ሽማግሌዎቹ ምርቃቱ ላይ ስንት ደቂቃ ቆዩ?

የሠርግ_ድምፅ | ማታ 3፡20

ኧረ ሃያ ደቂቃ! የአዘዞ ሽማግሌ ማይክ ከያዘ።

ቅኝት | ማታ 3፡33

ይኸው ነው። ብዙ ኤክስተርናል ለተወሰነ ደቂቃ ካልተነካ መሽከርከሩን ያቆማል። ይተኛል። አንተ ስትጫን ተነሥቶ ፍጥነቱን እስኪይዝ ድረስ ሰከንዶች ያልፋሉ። ከወደቀ ዲስክ ጋር ደግሞ ይብሳል።

ከዊንዶውስ የኃይል ምርጫ ውስጥ ዲስክ አታጥፋ ማለት ትችላለህ። ግን አንዳንዱ ኤክስተርናል ዊንዶውስን አይሰማም፣ በራሱ ነው የሚተኛው። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። የድሮ የሙዚቃ ቅጂዎችን ሰዎች ፊት የማሰማበት ሥራ አለኝ። የዕለቱን ዝርዝር ከቀኑ በፊት ወደ ላፕቶፑ ኤስኤስዲ ኮፒ አደርጋለሁ። 300 ዘፈን 3 ጊጋ እንኳ አይሞላም። ኤክስተርናሉ ቦርሳ ውስጥ ይቆያል፤ የሚወጣው ሰው ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ዘፈን ሲጠይቅ ብቻ ነው።

አንድም ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ብወጣ ይቅርታ። አዲሱ ዲስክ ላይ ስትገለብጥ የዘፋኞቹን ስም አንድ ዓይነት አድርገው። አንዱ "ገሠሠ" አንዱ "ገሰሰ" ብሎ ሲጽፍ ለፕሮግራሙ ሁለት ሰው ነው። "ዓለማየሁ" እና "አለማየሁ"ም እንዲሁ። እኔ ጋ አንድ ዘፋኝ በአምስት ስም ነበረ። ከሁሉ ያስቸገሩኝ በድሮ ፓወር ግዕዝ የተጻፉት ናቸው፤ ያ ፎንት ከሌለ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው የሚታየው። እነሱን በእጅ ከመጻፍ ሌላ መላ አላገኘሁም።

አሮጌ_ካሴት | ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡10

ልጆቼ፣ እንዴት አደራችሁ። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ልጄ ናት ይህን ያሳየችኝ። ፒያሳ ካሴት ስሸጥ የኖርኩ ነኝ። የዚህን ልጅ አጎት ሳላውቀው አልቀርም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ካሴት ሲገለበጥ ፋይሉን ማሳነስ ይቻላል ይላሉ። ድምፁስ አይሳሳም? ኤምፒ3 የሚሉት ላይ የማሲንቆው ጭራ እንደ ቆርቆሮ ይሆንብኛል።

ቅኝት | ጠዋት 4፡38

ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ጆሮዎ ልክ ነው። ኤምፒ3 ጆሮ አያስተውለውም ያለውን ይጥላል፤ አብዝተው ካሳነሱት መጀመሪያ የሚጎዳው እንደ ማሲንቆ ያለው ድምፅ ነው። ግን ፍላክ የሚባል አለ። ዋቭ የሚባለው ያልታመቀው ፋይል በደቂቃ 10 ሜጋ ገደማ ይይዛል፣ ፍላክ የዚያን ግማሽ ያህል። ምንም አይጥልም። ልብስ በደንብ አጥፎ ሻንጣ ውስጥ እንደ መክተት ይቁጠሩት፤ ሲያወጡት ያው ልብስ ነው። የአማርኛ ስምም ደህና አድርጎ ይይዛል። ዋቭ ላይ የጻፉትን ስም አንዳንዱ ፕሮግራም አያነበውም።

አሮጌ_ካሴት | ጠዋት 5፡00

ተባረኪ ልጄ። ገባኝ።

የሠርግ_ድምፅ | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡45

የጠፋሁት በሥራ ነው። ያለውን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ማታ ከጓደኛዬ አንድ ቴራ ተዋስኩ። ካሴቶቹ ቀድመው ሄዱ። መብራት አንዴ ጠፋ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ያዘው። ጠቅላላው አራት ሰዓት ፈጀ፤ ካሴት 3 ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ከምናምን። በመጨረሻ ያልተነበቡት ዘጠኝ ፋይሎች ናቸው። ሰባቱ ተራ ዘፈን፣ አግኝቻቸዋለሁ። ሁለቱ የአጎቴ ካሴቶች ናቸው።

አዲሱን ዲስክ ስሰካ ላይብረሪው አንዱንም ዘፈን አላገኘም፣ ልቤ ቀጥ አለች። የማራኪው ደውዬለት ነው፤ ዊንዶውስ ለአሮጌው ዲስክ የሰጠው ፊደል "ኢ" ነበር፣ አዲሱ "ኤፍ" ሆኖ ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ገብቼ "ኢ" ስለው ሁሉም ተመለሰ፣ የሠርግ ዝርዝሮቼም ጭምር።

እሁድ በኤስኤስዲ ነው የተጫወትኩት። ሽማግሌዎቹ ሃያ አምስት ደቂቃ መረቁ። ሲጨርሱ ተጫንኩ፤ እጄ ሳይነሣ ድምፁ ወጣ። እልልታውም ደረሰ፣ ግን ለሙሽሮቹ።

ችኩሉ | ጠዋት 3፡50

እና አሮጌው ዲስክ አሁን ፎርማት ይደረግ?

ሽቦ | ጠዋት 3፡58

ገና ነው። ሁለቱ ፋይሎች እዚያው ውስጥ ናቸው። ወንድሜ፣ ዲስኩን አምጣልኝና አንዴ ልሞክራቸው፤ ቃል ግን አልገባም። ካለቀ በኋላ ችኩሉ ይምጣና እስኪጠግብ ፎርማት ያድርገው።

አሮጌ_ካሴት | ጠዋት 5፡20

ልጄ፣ ያልተነበቡት ሁለቱ ካሴቶች ላይ ምን ተጽፎ ነበር? አጎትህ የቀዳውን አንዳንዴ አንድ ቅጂ ለእኔ ይተውልኝ ነበር። ሳጥኑን ከአልጋ ሥር አስወጥቻለሁ። የምትመጣ ከሆነ ቴፑን ይዘህ ና፤ የእኔው ላስቲኩ በጥሷል።